መልስ ያልሰጠው ዲስክ

ክሊኒኩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ከጥበቃው እስከ ዋናው ሐኪም ሁሉም «ወጌሻ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ግን ከአጥንት ጋር አይገናኝም፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ስሙ የወጣላት በገባች ሰሞን ነው። የክፍሉ ኃላፊ «ዲስኩ ወለቀ!» ብሎ በስልክ ሲጮህባት «አይዞህ፣ መጥቼ እመልሰዋለሁ» አለችውና በአምስት ደቂቃ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ማሽን ባነከሰ ቁጥር «ወጌሻን ጥሯት» ሆነ። እሷም ስሙን አልጠላችውም። እንዲያውም እውነቱን እንናገር ከተባለ ኮርታበታለች፤ ደግሞስ ለምን አትኮራ? ያ ሁሉ ሐኪም በሞላበት ቤት ሲጨንቃቸው «ድረሽልን» የሚሉት እሷን ነው።

ክሊኒኩ የጉሮሮ ክሊኒክ ነው። ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና የሚወጣላቸው ሰዎች እዚህ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ነፍሳቸው ትተርፋለች፣ ድምፃቸው ግን አይመለስም። ስለዚህ አስቀድመው፣ ድምፅ ገና እያላቸው፣ ግድግዳዋ በስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከክሊኒኩ የንግግር ሐኪም ጋር ይቀመጡና ከወረቀት ላይ ዓረፍተ ነገር ያነባሉ፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ቅጂ ተነሥተው ሠሪዎቹ የእጅ ስልክ የምታህል መሣሪያ ይሠሩላቸዋል። ሰውየው ይጽፍባታል፣ እሷ በራሱ ድምፅ ታነብለታለች። የሰው ድምፅ ባይሆንም የሰውየው ድምፅ ነው፤ ለሚስቱና ለልጆቹ ያ ይበቃቸዋል።

የወጌሻ አባት ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበር። ልብስ ሰፊ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ስፒል በከንፈሩ ነክሶ ስለኖረ ለወሬ ጊዜ አልነበረውም። «ክንድህን ዘርጋ»፣ «ዞር በል»፣ «ለሐሙስ ና»፤ ከዚህ ካለፈ ብዙ ተናገረ ማለት ነው። ለቅጂው ሦስት ሳምንት በተመላለሰ ጊዜ እናቷ ስትስቅ ነበር የከረመችው። «በአርባ ዓመት ትዳር ለእኔ ያልነገረኝን ለዚያች ለንግግር ሐኪም በሦስት ሳምንት ዘከዘከላት» እያለች። ሰውየውም ይስቅ ነበር፣ ያኔ ሳቁ ድምፅ ነበረው።

እናቷ ዓይኗን ካጣች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ የዓይን ግፊት ነው ያጠፋባት። ነገሩን የሚያከብደው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አባት ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ማለት የፈለገውን ባለ ካሬ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ እናት ደግሞ ማየት አትችልም። እሷ ትናገራለች፣ እሱ መመለስ አይችልም። ልጅቱ ከሥራ ስትመጣ ደብተሩን ትገልጥና የቀኑን ሁሉ ታነብላታለች። ልጅቱ በሌለችበት ሰዓት ያላቸው መላ አንድ ነው፤ እሱ ጠረጴዛውን ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ካንኳኳ አዎ ነው፣ ሁለት ጊዜ ካንኳኳ አይደለም ነው። «መስኮቱን ልዝጋው?» ኳ። «ቁልፉን ከኪሴ የወሰድከው አንተ ነህ?» ኳ ኳ።

«በስተርጅና ጠረጴዛ አገባሁ» ትላለች እናቷ ለጎረቤት። ጎረቤት ይስቃል። እሷ ግን ማታ ማታ ልጇን ትጠይቃታለች፤ «ያቺ ነገር መቼ ነው የምትመጣው?»

«ደርሷል እማዬ። ትንሽ ነው የቀረው።»

የቀረው እውነትም ትንሽ ነበር። የንግግር ሐኪሟ አንድ ሺህ ስድስት መቶውን ዓረፍተ ነገር አንድ በአንድ አድምጣ፣ ሳል የገባበትን ነቅሳ፣ ደህና ደህናውን መርጣ ለመሣሪያ ሠሪዎቹ መላክ ነበረባት። ሰውየው ከሚያነበው የሚያስለው ይበልጥ ነበርና አምስት ወር ፈጀባት። ረቡዕ ዕለት ጨረሰች። «ወጌሻዬ፣ ነገ ከምሳ በኋላ እልከዋለሁ» ብላ ኮሪደር ላይ አቅፋ ሳመቻት። ወጌሻም እግሯ መሬት ሳይነካ ነው ቤቷ የገባችው።

ሐሙስ ጠዋት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መብራት ጠፋ። ወዲያው ደግሞ መጣ። የዓይን ጥቅሻ ያህል ናት፤ ግን ሰርቨሩን፣ የክሊኒኩን ዋና ኮምፒውተር፣ ለመጣል የዓይን ጥቅሻ ይበቃዋል።

ሰርቨሩ የቆመባት ክፍል ቀዝቃዛና ጠባብ ናት፤ አንድ ወንበር ብቻ ነው የምታስገባው። በዚያ በአንዱ ትልቅ ብረት ውስጥ አሥራ አራት ቨርቹዋል ማሽኖች ይኖራሉ። አካል የላቸውም፤ እያንዳንዳቸው ግን ራሳቸውን እንደቻሉ ኮምፒውተር ናቸው፣ አንዱ የቀጠሮ ነው፣ አንዱ የራጅ ነው፣ አንዱ የድምፅ ነው። ማስቀመጫም ከራሳቸው የላቸውም፤ ዲስካቸው የሚሰጣቸው ከጋራ ማከማቻ ነው። አንድ ማሽን በተነሣ ቁጥር ዲስኩን ፈልጎ የሚያያይዝለት ስክሪፕት አለ። የትእዛዝ ዝርዝር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ዲስኩን ፈልግ፤ አያይዝ፤ በውስጡ ምን እንዳለ ጠይቀው፤ ከመለሰ ክፈተው።

ከመጨረሻው በታች አንዲት መስመር ነበረች። መልስ ካልሰጠ አዲስ ነው፤ አጽድተህ አዘጋጀው።

ይቺን መስመር የጻፈቻት ራሷ ወጌሻ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ክሊኒኩ ሲደራጅ በየሳምንቱ አዳዲስ ዲስክ ይመጣ ነበር፤ እያንዳንዱን በእጅ ማጽዳትና ማዘጋጀት ሰለቻት። አዲስ ዲስክ ስትጠይቀው ዝም ነው የሚለው፣ ምን ይበል፣ ውስጡ ምንም የለም። ስለዚህ ዝም ካለ ባዶ ነው አለችና ጻፈችው። መስመሯ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈረቻትም። እንዲህ ያለ ነገር ነው ሰውን የሚያዘናጋው፤ ሦስት ዓመት ያላሳፈረን ነገር ማን መልሶ ይመረምረዋል?

አሥራ ሦስቱ ማሽኖች እንደ ልማዳቸው ተነሡ። የድምፁ ማሽን ተነሣ፣ ዲስኩ ግን የለም። «ዲስኩ አልተገኘም» ይላል ስክሪፕቱ፣ እዚያው ቆሟል።

ወጌሻ አልደነገጠችም። እንዲህ ያለውን ስንቴ አይታዋለች! መጀመሪያ ወደ ማከማቻው ገባችና ዲስኩ በሕይወት መኖሩን አየች፤ አለ። ቀጥላ ማን እንደያዘው ጠየቀች፤ ተይዟል ይላል። ማን ያዘው? ራሱ የድምፁ ማሽን። ገባት። ማሽኑ መብራት ሲጠፋ ዲስኩን ሳያስረክብ ነው የወደቀው፤ ማከማቻው ደግሞ ዲስኩ ዛሬም በዚያው በወደቀው እጅ ያለ መስሎታል። እንደገና ለተነሣው አልሰጥም ብሎ ግትር አለ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የድሮውን ይዞታ መሰረዝ፣ ማከማቻው እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ስክሪፕቱን መድገም።

የድሮውን ይዞታ ሰረዘች።

«ምን ላይ ደረስሽ?» አለ የክፍሉ ኃላፊ ከበሩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሰው የሚሠራበት ቦታ ላይ ቆሞ በእጁ ሰዓቱን የሚነካካ ዓይነት ነው።

«እየገጠምኩት ነው።»

«የንግግር ሐኪሟ ዛሬ የምትልከው ነገር አለኝ ብላለች።»

«እኔም አውቃለሁ። የአባቴ ነው እኮ።»

«እንግዲያውስ ቶሎ በያ!»

ቶሎ አለች። ሦስት ደቂቃ ብትታገሥ ኖሮ ይቺ ታሪክ አትኖርም ነበር። ኃላፊው ባይቆምባትም ኖሮ ምናልባት አትታገሥም ነበር፤ ምክንያቱም ቸኩላለች፣ ደስ ብሏታል፣ ዛሬ የእናቷ ጥያቄ የሚያበቃበት ቀን ነው። ስክሪፕቱን ደገመችው። ቢጫ ሆነ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ አረንጓዴ በራ። ተያይዟል። ጤነኛ ነው። ክፍት ነው።

«ወጌሻ ምን ይሳናታል!» አለ ኃላፊው፣ በሩንም ጭምር መታ መታ አድርጎ ሄደ።

አረንጓዴውን አየች እንጂ ዲስኩን ከፍታ ውስጡን አላየችም። ስልኳን አንሥታ ቤት ደወለች። «እማዬ፣ ዛሬ ከምሳ በኋላ ይላካል። በሁለት ሳምንት እጃችን ይገባል» አለቻት። ከወዲያ በኩል እናቷ «ሰማህ? ሰማህ አንተ?» ስትልና ጠረጴዛው ኳ ሲል ይሰማታል።

እኩለ ቀን ሲሆን ባክአፑ እንደ ልማዱ ሠራ። ባክአፕ ማለት መጠባበቂያ ቅጂ ነው፤ ዲስኩ ላይ ያለውን በየቀኑ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል። ይህንንም ያዘጋጀችው እሷ ናት፤ ቦታ እንዳይባክን ብላ፣ ከዋናው ዲስክ ላይ የጠፋ ነገር ከቅጂውም ይጥፋ ብላ አዝዛዋለች። ታዛዥ ነው።

ከምሳ በኋላ ስልኳ ጮኸ፤ የንግግር ሐኪሟ ናት።

«ወጌሻዬ፣ ፋይሎቹን ወዴት አዛወርሻቸው?»

«የቱን ፋይሎች?»

«የድምፆቹን ነዋ። ማኅደሩን ስከፍተው ምንም የለበትም።»

ወጌሻ «ቆዪ፣ እንዳትነኪው» ብላ ስልኩን ዘጋች። ያቺን ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና የስክሪፕቱን መዝገብ ከፈተች። እያንዳንዱ እርምጃ ከነሰዓቱ ተጽፏል። ዲስኩ ተገኝቷል። ዲስኩ ተያይዟል። ዲስኩ ተጠይቋል። ዲስኩ መልስ አልሰጠም። አዲስ ነው። ጸድቶ ተዘጋጅቷል። ሁሉም በአሥራ አንድ ሰከንድ ውስጥ ነው ያለቀው።

ዲስኩ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ ሰው ገና ዓይኑን እያሻሸ ነበር። ተጠየቀ፣ አልሰማም፣ ዝም አለ። ስክሪፕቱም የተነገረውን አደረገ።

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ወደ ባክአፑ ሮጠች፤ ባክአፑ ከሰዓት በፊት የነበረውን ሁሉ ጠርጎ ዋናውን መስሎ ቁጭ ብሏል። የጠፋ ፋይል የሚያነፈንፍ ፕሮግራም አመጣች፤ ፕሮግራሙ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ሲዳስስ ውሎ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ብቻ አሳያት። ማከማቻው ቆጣቢ ነው፣ ባዶ ነው የተባለውን ቦታ ወዲያው ወስዶ ለሌሎች ማሽኖች ያከፋፍላል። አባቷ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የራጅ ፎቶዎችና የቀጠሮ ዝርዝሮች ተቀምጠዋል። ዓርብ ቀኑን ሙሉ በሌላ ፕሮግራም ሞከረች፣ በሦስተኛ ሞከረች፣ የማከማቻውን ሠሪዎች በስልክ ለመነች። ሰዎቹ በትሕትና አዳመጧትና በትሕትና «አይቻልም» አሏት። ውኃ በላው።

በዲስኩ ላይ የዘጠኝ ሰዎች ድምፅ ነበር። የንግግር ሐኪሟ ዝርዝሩን ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። አምስቱ ገና ቀዶ ሕክምና ስላልተደረገላቸው ተጠርተው እንደገና ያነባሉ። የሦስቱ መሣሪያ ቀድሞ ተሠርቷል፣ ቅጂያቸው ሠሪዎቹ ዘንድ አለ። ሐኪሟ ጣቷን ዘጠነኛው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ከትናንት ከሰዓት በኋላ አንሥቶ አንዲት ጠብታ ያልወጣት ወጌሻ ስታባብላት ቆየች።

ማምሻውን ኃላፊው ጠራት። ስለ አደጋው የሚጻፈውን ቅጽ አስቀምጦላታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መብራቱ ነው በይ። መብራቱ መጥፋቱንማ ሁሉም ሰው አይቷል» አላት።

«መብራቱ ተመልሶ መጥቷል እኮ» አለች።

«አየሽ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። እኔም እኮ ቆሜብሻለሁ።»

«ስክሪፕቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሳልጠብቅ የደገምኩት እኔ ነኝ፤ ውስጡን ሳላይ ገጠምኩት ብዬ ያመንኩትም እኔ ነኝ።» ይህንኑ በሦስት መስመር ጻፈችና ፈረመችበት። ከዚያ ተመልሳ ስክሪፕቱን ከፈተችና ያቺን መስመር አጠፋቻት። በምትኩ መልስ ካልሰጠ ቁም፣ ሰው ጥራ ብላ ጻፈች። ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ ነው የወሰደባት። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው፤ ግማሽ ደቂቃ ብቻ መሆኑ ነው ያስለቀሳት።

ለቤት ግን ገና አልተናገረችም። ሐሙስ ማታ እናቷ «ተላከ?» ስትላት «ትንሽ ችግር ገጥሞናል» አለቻት። ዓርብ ማታ ራሴን አሞኛል ብላ ደብተሩንም ሳታነብላት ክፍሏ ገባች። ምላሷ ተሳስሮባት እንጂ መዋሸት ፈልጋ አይደለም። እንዲህም ሆና ስልኳን ስትበረብር አደረች። አንድ ሰው በስልኩ ውስጥ የአባቱ ድምፅ እንዴት አይኖረውም? ፎቶ አለ፣ ብዙ ፎቶ። አባቷ ፎቶ ላይ ዝም ብሎ ነው የሚቆመው። ቪዲዮ ሲነሣም ስልኩን የሚይዘው እሱ ነበር፣ ሌላው ይስቃል፣ ሌላው ያወራል፣ እሱ ከስልኩ ጀርባ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ አንድ አገኘች። የአክስቷ ልጅ ሲመረቅ የተነሣ ነው። ሰው ይንጫጫል፣ ሙዚቃ አለ፣ ከጥግ በኩል አባቷ «ወንበር ጨምሩ! እዚህ ጋ ወንበር ጨምሩ» ይላል። አራት ሰከንድ። ለመሣሪያ አይበቃም፣ ለምንም አይበቃም። ግን እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ነበር። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ጨርቅ ለብሷል። አባቷ ካናቴራውን በሥርዓት ተኩሶ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ራሱ በሰፋት ስስ መሀረብ ሸፍኗል። ደብተሩ ፊቱ ተዘርግቷል፤ ሁለት ቀን ያልተነበበ ጽሑፍ አለበት።

«ዛሬ እግርሽ ከብዷል» አለች እናቷ ገና ከበሩ ስትገባ። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ከሐሙስ ጀምሮ ልክ አይደለሽም።»

ወጌሻ ወንበር ስባ በመሃላቸው ተቀመጠች። መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ጠፋባት።

«መሣሪያዋ አትመጣም» አለች። «የአባዬ ድምፅ ጠፍቷል። ያነበበው ሁሉ። አንድም አልቀረም።»

አባቷ አያት። እናቷ ፊቷን ድምፁ ወደመጣበት አዙራ ቀረች።

«ሌባ ገባ?»

«አይደለም። እኔ ነኝ። ዲስኩ እስኪነቃ ሳልጠብቅ ቸኮልኩ። ማሽኑ ባዶ መስሎት አጸዳው። እኔ የጻፍኩት ትእዛዝ ነው ያጸዳው።»

«ታዲያ እንደገና…» አለች እናቷና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ቆመች። እንደገና የሚባል ነገር የለም። ጠረጴዛውን በመዳፏ ደባበሰችው፣ የሌለ ፍርፋሪ እንደምትጠርግ። «አውቀሽ አላደረግሽው» አለች።

«አላወቅሁም።»

«እንግዲያው አበቃ። ሰው ነሽ። አንተስ፣ ተቆጥተሃታል?»

አባቷ እጁን አነሣና ሁለት ጊዜ አንኳኳ፣ ኳ ኳ። ቶሎ ነው ያንኳኳው፣ ሳያስብ። ልጅቱ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ቢቆጣት በቀለላት ነበር። ደብተሩን ወርውሮ ቢመታት ደስ ባላት።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች ስልኳን እያወጣች፤ ባዶ እጇን መምጣት አልሆነላትም። «አጭር ናት። ግን አለች።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ አሰሚኝ!» እናቷ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለል አደረገችና ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር፣ ሁለት ቀን ሙሉ የጠፋችባት ልጅ አሁን የተመለሰችላት ያህል።

ሰው ተንጫጫ፣ ሙዚቃው ጮኸ። ወንበር ጨምሩ! እዚህ ጋ ወንበር ጨምሩ። አበቃ።

እናቷ ጠበቀች።

«ድገሚው» አለች።

ደገመችላት። ወንበር ጨምሩ! እዚህ ጋ ወንበር ጨምሩ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለች እናቷ። «አባትሽ ከሱ በኋላ ነው የሚናገረው?»

ስልኩ በልጅቱ እጅ ላይ ጠፍቶ ጠቆረ። በጎዳናው መኪና አለፈ፣ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ አንድ ጊዜ ተንኳኳ።

ኳ።

«አንተ ነህ?» አለች እናቷ።

ኳ።

ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ሰብሰብ አድርጋ አስቀመጠች። ለመናገር ስትነሣ ድምጿ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። «እንግዲህ ልናገረው፣ አንድ ቀን መናገሬ አይቀርም» አለች። «መልክህ የጠፋብኝ ዓይኔ በጠፋ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሸማ ለብሰህ ይሁን ኮት፣ ቁመትህን አስታውሳለሁ፣ ፊትህ ግን አይመጣልኝም። ግድ የለም ብዬ ነበር፣ ድምፁ አለ ብዬ። አሁን ደግሞ እሱም እየሸሸኝ ነው። ሌሊት ስነቃ እንዲህ ነበር የሚለኝ ብዬ ላመጣው እሞክራለሁ፣ ቃሉ ይመጣል፣ ድምፁ የራሴ ይሆንብኛል። ያቺን ነገር ቶሎ ቶሎ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ሳልረሳህ ትድረስልኝ ብዬ ነው።»

ልጅቱ አባቷን አየችው። እንባው በጉንጩ ወርዶ ያን መሀረብ አርሶታል። የሚያለቅስ ሰው እህ ይላል፣ ይንሰቀሰቃል፣ ከአፍንጫው አንድ ነገር ይሰማል፤ ከሱ ግን ምንም አይሰማም፣ ትንፋሹ በአንገቱ ቀዳዳ በኩል ዝም ብሎ ይገባል ይወጣል። ሚስቱ ከፊት ለፊቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣ ማልቀሱን አታውቅም። እርሳሱን አንሥቶ ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ ወረቀቱን ወደ ልጁ አዞረ።

እናቷ የእርሳሱን ጭረት ሰምታለች። «ምን አለ?»

ልጅቱ አነበበችው፤ በልቧ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «‹ምንም አይደል፣ አትዘኚ› ይላል» አለች።

«አይልም» አለች እናቷ።

«እማዬ…»

«አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ ‹አትዘኚ› ሲል ሰምቼው አላውቅም። እንዲህ ያለ ቃል እሱ ዘንድ የለም። የጻፈውን አንብቢልኝ።»

ልጅቱ አባቷን በዓይኗ ለመነችው። እሱ እጁን ጠረጴዛው ላይ እንዳሳረፈ ነው፤ አዎም አይልም፣ አይደለምም አይልም። ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችና በዚያው ባላት ድምፅ፣ በራሷ ድምፅ፣ እንደተጻፈው አነበበችው።

«‹እንደማለቅስ አትንገሪያት› ይላል።»

እናቷ ራሷን ላይ ታች ነቀነቀች።

«አዎ» አለች። «ይሄ እሱ ነው።»

እጇንም ጠረጴዛውን እየዳበሰች ወደ እሱ ዘረጋች።